ዒላማውን የሳተው ጽሑፍ፦ ስለ ዜና፣ ማስታወቂያና የሕዝብ ግንኙነት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። ሦስቱም «አንብበው፣ ትደነግጣለህ» ብለው ነው የላኩልኝ። አነበብኩት። አልደነገጥኩም፤ ይልቅ አናደደኝ። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ጸሐፊው መደንገጥ ያለብን ቦታ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ላይ ማስደንገጣቸው ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ የሚዲያ ኩባንያዎች እያንዳንዳችንን ከእናታችን በላይ ያውቁናል። ይህ የመጣው ስልክ እጃችን ከገባ ወዲህ ነው፤ ድሮ ጋዜጣ ለሕዝብ ነበር የሚቆመው። ዜና፣ ማስታወቂያና የሕዝብ ግንኙነት ከአንድ ክፍል የሚታዘዙ ሦስት እጆች ናቸው፤ የሕዝብ ግንኙነትማ ስሙን የቀየረ ማስታወቂያ ነው። ሁላችንም እኩል ዒላማ ነን። ስለዚህ መፍትሔው ምንም ነገር አለማመን ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ለጥቂት ዓመታት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ጋዜጣዊ መግለጫ እጽፍ ነበር። ስለዚህ እኔንም በጥርጣሬ ብታነቡኝ አልቀየምም። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከእናታችን በላይ ያውቁናል»

ይህ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ግን ምን ላይ ነው የቆመው? ማስረጃ ሆኖ የቀረበው፣ ታዳሚን ለይቶ የማነጣጠር አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነው። «የኔ ዕቃ አይረባም» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ማንን፣ መቼ፣ በምን እንደምናሳምን እናውቃለን» የሚለው ወሬ ለእኛ ማስፈራሪያ ይመስለናል። ማስታወቂያ ለሚያስነግረው ድርጅት ግን የሽያጭ ንግግር ነው። ጸሐፊው የሻጩን ብሮሹር ወስደው ድምፀቱን ብቻ ወደ ማስጠንቀቂያ ለውጠውታል።

ገንዘቡን የሚከፍሉት ሰዎች ሲፈትሹት ምን አገኙ? ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልን እንውሰድ። በዓለም ላይ ለማስታወቂያ ብዙ ከሚያወጡ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ፌብሪዝ የተባለውን መጥፎ ሽታ ማስወገጃውን የቤት እንስሳ ላላቸውና ቤተሰባቸው ብዙ ለሆነ ሰዎች ለይቶ አስተዋወቀ። ሲያስቡት ብልህነት ነው፤ ውሻ ያለበት ቤት ይሸታላ። ሽያጩ ግን ባለበት ቆመ። በኋላ ማስታወቂያው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ለማንኛውም ሰው ሲለቀቅ ሽያጩ ከፍ አለ። በ2016 ኩባንያው በፌስቡክ ላይ ዒላማችንን ከመጠን በላይ አጥብበን ነበር ብሎ አካሄዱን ቀየረ።

በኢንተርኔት ዕቃ የሚያገበያየው ኢቤይ ደግሞ ከዚህ የሚያስቅ ነገር አደረገ። ሰዎች ጎግል ላይ «ኢቤይ» ብለው ሲፈልጉ ከላይ ብቅ ለሚለው ማስታወቂያ ይከፍል ነበር። የኩባንያው ኢኮኖሚስቶች «እስቲ አጥፍተነው እንየው» አሉ። ጠፋ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ከሥር ያለውን፣ የማይከፈልበትን ሊንክ ተጭነው ገቡ። ጥናቱ በ2015 ታትሟል። ሊገባ የመጣን ሰው በር ላይ ቆሞ «ግባ» እያሉ ደመወዝ እንደመብላት ነው። ያ ማስታወቂያ በሪፖርት ላይ ግን ምርጥ ውጤት ነበረው፤ ተጭነው የገዙት ሁሉ ለእሱ ይቆጠሩ ነበርና።

ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2016 ፌስቡክ ሰዎች ቪዲዮ የሚያዩበትን አማካይ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር አመነ። ከ3 ሰከንድ በታች አይተው የሄዱትን ሰዎች ከቁጥር አውጥቶ ነበር አማካዩን የሚያሰላው። ይህ ማለት መምህሩ የወደቁትን ተማሪዎች ትቶ የክፍሉን አማካይ ውጤት እንደማስላት ነው። በዚያው ሰሞን ብዙ የዜና ድርጅቶች ጸሐፊ እየቀነሱ ወደ ቪዲዮ ሲሮጡ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ ማሳረጊያ ያደረጉት ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለውን የብሪታንያ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ነው። እውነት ነው፣ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ከፌስቡክ ያለአግባብ ተወስዷል። ፌስቡክም በ2019 በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ጥፋቱ ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ኩባንያው የሰው አእምሮ የሚያነብ ማሽን ነበረው ወይ? የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ በ2020 ምርመራውን ሲያጠቃልል፣ የተጠቀሙባቸው ዘዴዎች በአብዛኛው የታወቁና በቀላሉ የሚገኙ ቴክኖሎጂዎች እንደነበሩ ገልጿል። እዚያው ድርጅት ውስጥም የትንበያውን ትክክለኛነት የሚጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ። መስረቅ አንድ ነገር ነው፤ በሰረቁት ነገር ተአምር መሥራት ደግሞ ሌላ።

ስለላው ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ባያውቁንም መረጃችን እጃቸው ላይ ነው። እንዲያውም በተሳሳተ መረጃ መፈረጅ በትክክለኛ መረጃ ከመታወቅ የሚብስበት ጊዜ አለ።

«ድሮ ጋዜጣ ለሕዝብ ነበር የሚቆመው»

እዚህ ብዙ አልቆይም። በ1833 ቤንጃሚን ዴይ ኒው ዮርክ ውስጥ «ሰን» የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር ሌሎቹ በ6 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። እሱ በ1 ሳንቲም አወጣው። ያ ዋጋ ወጪውን አይሸፍንም። ጉድለቱን የሞላው ማስታወቂያ ነው። ጋዜጣውን ለአንባቢ ሸጠ፤ አንባቢውን ደግሞ ለነጋዴ ሸጠ። አንባቢ ለመሰብሰብ የፖሊስና የፍርድ ቤት ወሬ ያትም ነበር። በ1835ማ ጨረቃ ላይ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸው ሰዎች ታይተዋል የሚል ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። ክሊክ ሳይፈጠር ክሊክ ማጥመጃ ነበር።

በ1930ዎቹ ደግሞ የሳሙና ኩባንያዎች ቀን ቀን ቤት ለሚውሉ ሴቶች የሬዲዮ ድራማ ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። ማን በስንት ሰዓት ሬዲዮ እንደሚከፍት፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብ ያውቃሉ። «ሶፕ ኦፔራ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ሳሙና ነው። ስልኩን ለቀቅ እናድርገው።

«ከአንድ ክፍል የሚታዘዙ ሦስት እጆች»

እንዲህ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። ክፍሉን ፈልጎ መዝጋት ነበር።

በ1999 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ስቴፕልስ ሴንተር ስለተባለው አዲስ የስፖርት አዳራሽ 168 ገጽ ያለው ልዩ መጽሔት አወጣ። ማስታወቂያ ተጥለቀለቀበት። ጽሑፎቹን ያዘጋጁት ጋዜጠኞች ያልተነገራቸው ነገር ነበር፦ ጋዜጣው የማስታወቂያውን ትርፍ ከአዳራሹ ጋር ለመካፈል ተዋውሏል። ማለትም የሚዘግቡበት ድርጅት የንግድ ሸሪካቸው ነበር። ነገሩ ሲወጣ 300 የሚሆኑ ጋዜጠኞች ፈርመው ተቃወሙ። ጋዜጣውም ራሱን የመረመረበት ረጅም ዘገባ ለማተም ተገደደ። ሦስቱ እጆች ከአንድ ራስ የሚታዘዙ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ እጅ በሌላው ላይ ባልተነሳ ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ዝምታ አለ። በ2015 ፒተር ኦቦርን የተባለው የፖለቲካ ተንታኝ ከብሪታንያው ዴይሊ ቴሌግራፍ ለቀቀ። ጋዜጣው ስለ ኤችኤስቢሲ ባንክ የሚወጡ ዘገባዎችን የሚያለዝበው የባንኩን ማስታወቂያ ላለማጣት ነው ሲል በአደባባይ ከሰሰ። ጋዜጣው ክሱን አልተቀበለም። ማን ልክ እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ ልተው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ትእዛዝ አያስፈልገውም። «አትጻፉ» የሚል ደብዳቤ ብትፈልጉ አታገኙም። ኤዲተሩ ማን ወር በወር እንደሚከፍል ያውቃል። «ይቺን ነገር ለጊዜው እናቆያት» ይላል። በቃ። ሴራ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የደመወዝ ፍርሃት ነው።

እጅ እጅን የሚያንቅበትም ጊዜ አለ። በ2020 ወረርሽኙ ሲጀምር ሰዉ ሁሉ ዜና ላይ ተጥዶ ነበር። ያኔ ብዙ ብራንዶች ማስታወቂያቸው «ኮሮናቫይረስ» የሚል ቃል ካለበት ጽሑፍ አጠገብ እንዳይወጣ በሶፍትዌር አገዱ። ስማቸው ከሞት ወሬ ጋር እንዳይታይ ነው። ውጤቱስ? የዜና ድርጅቱ ብዙ አንባቢ ባገኘበት ሰዓት፣ በጣም ባስፈለገው ዘገባ ላይ ገቢ አጣ። ማስታወቂያ ዜናን እንዲህ ነው የሚቀጣው። አዛዥ የለውም፤ የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ብቻ ነው ያለው።

«የሕዝብ ግንኙነት ስሙን የቀየረ ማስታወቂያ ነው»

ጸሐፊው ለዚህ የሰጡት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው። ካነሷቸው ሦስቱ ውስጥ ከባዱን በሁለት መስመር አለፉት።

ማስታወቂያ ቦታ ይገዛል። ገዢው ይታወቃል። ከላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ እኛም ግማሽ ጆሮ ሰጥተን እንሰማዋለን። የሕዝብ ግንኙነት ግን ቦታ አይገዛም። በሌላ ሰው አፍ ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዒላማው ሕዝቡ አይደለም፤ ጋዜጠኛው ነው። የቸኮለው፣ የተሰላቸው፣ እስከ ማታ አራት ዘገባ የሚጠበቅበት ጋዜጠኛ።

በጥቅምት 1906 አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወደ ውሃ ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፔንስልቬንያ ባቡር ኩባንያ አማካሪ አይቪ ሊ ነገሩን ከመደበቅ ይልቅ የኩባንያውን መግለጫ ጽፎ ለጋዜጠኞች አደለ። ኒው ዮርክ ታይምስ እንዳለ አተመው። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ የሚሉት ይህንን ነው። እዚህ ላይ ክፋት የለም፤ እንዲያውም ለዘመኑ ግልጽነት ነበር። ግን መንገዱ ተከፈተ።

በ1929 የፋሲካ ዕለት ኒው ዮርክ ውስጥ ወጣት ሴቶች በሰልፍ መሀል ሲጋራ ለኮሱ። ያኔ ሴት መንገድ ላይ ማጨሷ ነውር ነው። ጋዜጦቹ ስለ ሴቶች ነጻነት ዜና ሠሩ። ነገሩን ያሰናዳው ኤድዋርድ በርኔይስ ሲሆን ከፋዩ አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ነበር። ሲጋራዎቹ «የነጻነት ችቦ» ተባሉ። ለዜናው ቦታ አንድ ሳንቲም አልተከፈለም።

ሦስተኛው ምሳሌ አያስቅም። በጥቅምት 1990 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ቀርባ መሰከረች። የኢራቅ ወታደሮች ኩዌት ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናትን ከማሞቂያ እያወጡ ወለል ላይ ሲጥሉ አይቻለሁ አለች። ዓለም በሙሉ ሰማት። ፖለቲከኞች ለጦርነት ሲከራከሩ ደጋግመው ጠቀሷት። በኋላ ልጅቷ በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ ታወቀ። የኩዌትን ዘመቻ ተከፍሎት የሚመራው ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። ታሪኩንም በኋላ የመረመሩት ሊያረጋግጡት አልቻሉም። ይህ በየትኛው የማስታወቂያ ገበያ ይገዛል? አይገዛም። ዜና ሆኖ ነው የሄደው።

መንግሥታትም ይህን መንገድ ያውቁታል። በ2004 የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ፣ የጤና ሚኒስቴሩ ስለ አዲሱ የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) ሕግ ያሰራጨው ቪዲዮ ሕግ ይጥሳል ሲል ወሰነ። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ልክ እንደ ዘጋቢ ስሟን ጠርታ ትሰናበታለች። ዘጋቢ ግን አልነበረችም፤ የተቀጠረች ናት። ጣቢያዎች እንደ ራሳቸው ዜና አስተላልፈውታል።

ነገሩ የጥቂት ቅሌቶች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ምናለበት። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብሪታንያ ታላላቅ ጋዜጦች ላይ ባደረጉትና በ2008 በወጣው ጥናት፣ ከጋዜጣ ዘገባዎች 60 በመቶው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከዜና ወኪሎችና ከሕዝብ ግንኙነት ጽሑፍ የመጡ ሆነው ተገኝተዋል።

እኔ ለዚህ ቁጥር ጥናት አያስፈልገኝም ነበር። አንድ ቀን በጻፍኩት መግለጫ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩ። ሳላየው ወጣ። በማግስቱ ጋዜጣ ስገልጥ ያቺ የተደገመች ቃል በአንድ ጋዜጠኛ ስም ሥር ቁጭ ብላለች። ከነስህተቷ። አለቃዬ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጋዜጠኛውን ዛሬም አልወቅሰውም። ሥራዬ እሱ እንዳይደክም ማድረግ ነበር፤ ርዕሱን፣ ፎቶውን፣ የሚጠቀሰውን ንግግር ሁሉ አዘጋጅቼ እልክለት ነበር። መጥፎ ዜና ሲኖረን ደግሞ ዓርብ አመሻሽ ላይ እንለቀው ነበር፤ ቅዳሜ ማን ይከታተለዋል? ይህን ለማድረግ የማንንም የኢንተርኔት ታሪክ መሰለል አላስፈለገንም። የዜና ክፍሉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ማወቅ በቂ ነበር።

«ሁላችንም እኩል ዒላማ ነን»

አይደለንም። ማነጣጠር ማለት መምረጥ ነው፤ መምረጥ ደግሞ መተው ነው። ጸሐፊው ማስታወቂያው ስለደረሰበት ሰው ብቻ ነው የሚያወሩት። ያልደረሰውስ?

በ2019 የአሜሪካ የቤቶች ሚኒስቴር ፌስቡክን ከሰሰ። አከራዮችና ሻጮች የቤት ማስታወቂያቸውን በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ እየለዩ አንዳንዶች እንዳያዩት ማድረግ ይችሉ ነበር የሚል ነው ክሱ። በ2022 ኩባንያው ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር ተስማምቶ የቤት ማስታወቂያ የሚያደርስበትን አሠራር ለመቀየር ፈቀደ። ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ቢያንስ ልትናደዱ ትችላላችሁ። ያልደረሳችሁ ግን እንዳልደረሳችሁም አታውቁም። ያላያችሁት ቤት ላይ እንዴት አቤት ትላላችሁ? እዚህ ላይ ማሽኑ አእምሮ ማንበብ አይጠበቅበትም። በግምት ቢፈርጅም ጉዳቱ ያው ነው።

ዜናም ላይ እንዲሁ ነው። በ2012 ኒው ዮርክ ታይምስ ከአንባቢ የሚያገኘው ገቢ ከማስታወቂያ ገቢው በለጠ። ብዙዎችም ያንን መንገድ ተከተሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነገር አለው፤ አንባቢ ሲከፍል ጋዜጣው ለአንባቢ ይሠራል። ግን የሚከፍለው አንባቢ ማን ነው? የማይከፍለውስ ምን ይቀረዋል? በነጻ የሚገኘው ነው። በነጻ ከሚገኘው ደግሞ ብዙው እንደ እኔ ያለ ሰው ጽፎ የላከው ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ እንደ ፌስቡክ ያሉ የኢንተርኔት መድረኮች ልጆችን በግል መረጃቸው ለይተው ማስታወቂያ እንዳያሳዩ ይከለክላል። ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን፣ ጤናን ተመርኩዞ ማነጣጠርንም እንዲሁ። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ ይህን የሚከለክለው ማስታወቂያ ላይ ነው። ስለ ጋዜጣዊ መግለጫ ምን ሊል ይችላል? ለማስታወቂያ መዝገብ ይዘጋጅለታል፤ አንድ ዘገባ ከየትኛው መግለጫ እንደተገለበጠ የሚያሳይ መዝገብ ግን አላየሁም።

«ምንም አትመኑ»

የጽሑፉ ማሳረጊያ ይህ ነው፤ ሰዎች የተቀባበሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ጀግንነት ይመስላል።

በ1953 ሲጋራ ካንሰር እንደሚያስከትል የሚያሳዩ ጥናቶች ሲበዙ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያዎች ተደናገጡ። ሂል ኤንድ ኖልተንን ቀጠሩ፤ አዎ፣ ያንኑ ድርጅት። ጥር 4 ቀን 1954 ለአጫሾች የተጻፈ ግልጽ መግለጫ ከ400 በላይ ጋዜጦች ላይ ወጣ። መግለጫው «ሲጋራ ጤና ነው» ብሎ አልተከራከረም። ያማ ማንንም አያሳምንም። ይልቅ ጥናቶቹ ገና የመጨረሻ አይደሉም፣ ሳይንቲስቶች አልተስማሙም፣ እኛም እንመራመራለን ነው ያለው። ይህ ጨዋታ ለአሥርተ ዓመታት ሠራ። በ1969 በአንድ የሲጋራ ኩባንያ ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው፦ «ምርታችን ጥርጣሬ ነው።»

ሰው አንድ ነገር እንዲያምን ማድረግ ከባድና ውድ ነው። ምንም እንዳያምን ማድረግ ይቀላል። ሁሉን እኩል የሚጠራጠር ሰው የዶክተሩን ጥናትና የሲጋራ ኩባንያውን መግለጫ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ሁሉም ያው ናቸው» ይላል። ኩባንያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

ጸሐፊው በቅርቡ ክፍል ሁለት ይዤ እመጣለሁ ብለዋል። አንድ ልመና አለኝ። የማስታወቂያ ኩባንያዎቹን ለጊዜው ይተዉና አንድ ጋዜጣ ያንሱ፤ የአንድ ቀን ዕትም ይበቃል። እያንዳንዱ ዘገባ ሲወጣ ጋዜጠኛው ለስንት ሰው እንደደወለ፣ መግለጫውን ማን እንደላከለት ይጠይቁ። የሚመልስልዎ ካጡ እኔን ይጠይቁኝ፤ አንዳንዶቹን የጻፍኳቸው እኔ ልሆን እችላለሁ።